ጤነኛውን ድራይቭ የፈታንበት ሌሊት

(ኮምቦልቻ ላይ ለፋብሪካ የጥገና ባለሙያዎችና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ ነው። ስናገር የተምታታብኝን ጥቂት ቦታ አቃንቼዋለሁ፤ ቀሪው እንደወረደ ነው።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? እሺ። በር ላይ የቆማችሁት ልጆች ግቡ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፣ አልበላችሁም።

ዛሬ የምናወራው ስለ ኔትወርክ ነው፤ የስልካችሁን ኢንተርኔት ማለቴ ግን አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ ፒኤልሲው (ማሽኑን የሚያዘው ኮምፒውተር) ከድራይቩ (ሞተሩን የሚቆጣጠረው ሳጥን)፣ ስክሪኑ ከፒኤልሲው፣ ሴንሰሩ ከሁሉም ጋር የሚነጋገርበትን መስመር ነው። ይሄ መስመር ሲቋረጥ የሚሆነውን የጥገና ሰዎች ታውቁታላችሁ። ስክሪኑ ቀይ ይሆናል። ማሽኑ ይቆማል። የሺፍት መሪው ይመጣል፣ ከዛ የምርት ኃላፊው፣ ከዛ ደግሞ ማንም ያልጠራው ሰው ሁሉ መጥቶ ከኋላችሁ ቆሞ ይተነፍስባችኋል።

በአንድ ጥፋቴ ልጀምር። ዓመታት አልፈውታል። ፋብሪካውን አልጠራውም። አንድ የማምረቻ መስመር ላይ ሰባት ድራይቭ አለ፤ ሁሉም በአንድ ሐምራዊ ካቦ እንደ መቁጠሪያ ተሰክተው ከፒኤልሲው ጋር ተያይዘዋል። ፕሮፊባስ የሚባለው የፋብሪካ ኔትወርክ ዓይነት ነው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ተረኛው ልጅ ነው። «ድራይቭ አምስት ሞቷል» አለኝ። እኔ የምኖረው ደሴ ነው። ያን ሌሊት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ሐረጎ ላይ ጉሙ ወርዶ መንገዱ አይታይም ነበር፣ እየዳበስኩ ወረድኩ ማለት ይቀላል። ስደርስ ልጁ ድራይቭ አምስትን ፈትቶ መሬት አስቀምጦታል። ከስቶር አዲስ አውጥቷል።

እዚህ ጋ ማስቆም ነበረብኝ። አላስቆምኩትም። እጅጌዬን ሰብስቤ አብሬው መግጠም ጀመርኩ። አድራሻውን ሞላን፣ የሞተሩን ዳታ ሞላን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ። መብራቱን ስንለቀው ስክሪኑ ያው ቀይ ነው። ጠጋ ብዬ አነበብኩት፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ይላል።

«አንተ፣ አምስት ብቻ ነው ያልከኝ እኮ!»

«ስድስትም ሰባትም ነበሩ ጋሼ። ግን መጀመሪያ የጻፈው አምስትን ነው።»

ይቺን ያዙልኝ። መጀመሪያ የጻፈው። ስክሪኑ የሚነግራችሁ ማን እንደጠፋበት ነው፣ ማን እንዳጠፋው አያውቅም። ድራይቭ አምስት ጤነኛ ነበር። ስድስትም ሰባትም ጤነኞች ነበሩ። ሦስት ድራይቭ በአንድ ሌሊት በአንድ ሰዓት አብረው አይሞቱም፣ ተማምለው ካልሆነ በቀር። ከአንድ እስከ አራት ያሉት ይሠራሉ፣ ከአምስት ጀምሮ ያሉት አይሠሩም። ታዲያ ችግሩ የት ነው የሚሆነው? አራትና አምስት መካከል! ይሄንን ለማወቅ መፍቻ አያስፈልግም ነበር፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት ደቂቃ ማሰብ ይበቃል።

አሁን የፕሮፊባስ ኮኔክተር አይታችሁ ከሆነ ጀርባው ላይ ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ ኦን እና ኦፍ ትላለች። ምን እንደምትሠራ ልንገራችሁ፤ እንኳን ጀማሪ ብዙ ዓመት የሠራ ሰውም ይሳሳትባታል። በሽቦ የሚሄድ ምልክት መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሚያርፍበት ካጣ ተመልሶ ይመጣል፤ ልክ እንደ ገደል ማሚቶ። የተመለሰው ድምፅ ከሚመጣው ጋር ይደባለቅና ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ በመስመሩ ሁለት ጫፍ ላይ ድምፁን የሚውጥ ሬዚስተር ይደረጋል፤ ተርሚኔሽን የምንለው እሱን ነው። ማብሪያዋ ኦን ስትሆን ያ ሬዚስተር ይገባል። ችግሩ ሌላም ነገር ታደርጋለች፤ ከዛ ኮኔክተር ወደፊት የሚሄደውን ካቦ ትቆርጠዋለች። መጨረሻው እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ስለዚህ ኦን የምትሆነው ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ መሀል ያሉት ሁሉ ኦፍ ናቸው።

የሆነው ታዲያ ይሄ ነው። ከሰዓት በኋላ የድራይቭ አራት ፋን ተቀይሯል። የቀየረው ሰው ኮኔክተሩን ነቅሎ ሲመልስ ማብሪያዋ ኦፍ ላይ መሆኗን አየ። አዘነላት። ኦን አደረጋት። ኦን ማለት ይሠራል ማለት መስሎት! ማሽኑ እስከ ማታ በሌላ ምክንያት ቆሞ ስለነበር ማንም አላየውም፤ ሌሊት ሲነሳ ጉዱ ወጣ።

ያገኘነው በመልቲሜትር ነው። መብራቱን አጠፋን፣ ኮኔክተሮቹን ከመሣሪያዎቹ ነቀልን፣ ካቦው ግን ከኮኔክተር ኮኔክተር እንደተያያዘ ነው። ከዛ የሁለቱ ሽቦዎች ጫፍ በሆኑት በፒን 3 እና በፒን 8 መካከል ኦም መለካት ነው። የፕሮፊባስ ተርሚኔሽን 220 ኦም ነው። ሁለቱም ጫፍ ካለ ሁለት 220 ጎን ለጎን (በትይዩ) ሲሆኑ በግማሽ ስለሚቀንስ ወደ 110 ያነባል። በፒኤልሲው በኩል ለካን፤ 110። ደህና ነው ማለት ነው? አይደለም! የፒኤልሲው ጫፍና ያቺ በስህተት የተከፈተችው የድራይቭ አራት ማብሪያ አብረው ነው 110 የሰጡን። አንደኛው ግማሽ ራሱን የቻለ ጤነኛ መስመር ሆኗል፤ ከአንድ እስከ አራት ያሉት ምንም ሳይመስላቸው የሚሠሩትም ለዚህ ነው። ወደ ድራይቭ ሰባት ሄደን ስንለካ 220 ተነበበ። አንድ ጫፍ ብቻ! ሌላኛው የት ሄደ? እየተከተልን መጣን፣ አራት ላይ ደረስን፣ ያቺን ማብሪያ በጥፍሬ ገፋኋት። በቃ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሆኗል።

የፈታነው ድራይቭ ስቶር ገባ። ላዩ ላይ በማርከር «የተቃጠለ» ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከስድስት ወር በኋላ እኔው ራሴ አውጥቼ ሌላ ቦታ እስክገጥመው ድረስ።

ለምን እንዲህ እንደምናደርግ ሳስበው፣ ካቦ መከታተል አሰልቺ ነው፤ አቧራ አለው፣ መሰላል አለው፣ ካቦው የተዘረጋበት ትሬይ ላይ መውጣት አለው። ድራይቭ መፍታት ግን ሥራ እየተሠራ ያለ ያስመስላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባል የለ? እኛም ካቦውን ፈርተን ድራይቩን ነው።

መሀል ላይ መቁረጥ ልመዱ። ከደሴ ኮምቦልቻ የምትመላለሱ ይገባችኋል። መንገድ ተዘጋ ሲባል ከደሴ ጀምራችሁ በእግር እየሄዳችሁ እያንዳንዱን ጠመዝማዛ አታዩም። ሐረጎ ላይ ያለ ሰው ጋ ትደውላላችሁ። «መኪና ከላይ እየመጣ ነው?» አዎ ካለ ችግሩ ከሱ በታች ነው፤ አይ ካለ ከሱ በላይ። አንድ ስልክ ግማሹን መንገድ አስወገደላችሁ። ሃያ መሣሪያ ያለበት መስመር ላይም ያው ነው፤ አስረኛው ላይ ቁረጡ፣ ጊዜያዊ ተርሚኔሽን አድርጉ፣ የመጀመሪያዎቹ አስሩ ይሠሩ እንደሆነ እዩ። ከዛ አምስት። ከዛ ሁለት። እዚያ ትደርሳላችሁ።

እዚሁ ላይ ሳልረሳው አንድ ማስጠንቀቂያ። ግንኙነት ሲመለስ ማሽኑ ሊነሳ ይችላል። ድራይቩ ሲጠብቅ የነበረው ትእዛዝ በመስመሩ ይመጣለታል፣ እናንተ ደግሞ እጃችሁ ሰንሰለቱ ላይ ነው። ካቦ ብቻ ነው የምነካው ብላችሁ ብሬከሩን ሳትቆልፉ አትግቡ። በዚህ ላይ ቀልድ አልጨምርም።

ስለ ሽቦ ጥቂት ቁጥር ልስጣችሁና እንለፈው። ፕሮፊባስም፣ ብዙው ሞድባስም (ሌላ የመሣሪያዎች መነጋገሪያ ቋንቋ ነው) ከታች የሚሄዱት አርኤስ-485 በሚባለው አሠራር ነው። እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፣ ግን ፍጥነቱ ዝቅተኛ ሲሆን ነው። ፕሮፊባስ በሰከንድ 187.5 ኪሎቢት ላይ 1000 ሜትር፣ 12 ሜጋቢት ላይ ግን 100 ሜትር ብቻ። ከዚህ አንድ ጥሩ ዘዴ ይወጣል፤ አልፎ አልፎ የሚቆራረጥ መስመር ካለ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከተሻለው ጥርጣሬያችሁ ካቦው ላይ ይሁን፤ ወይ ረዝሟል፣ ወይ ተርሚኔሽን የለውም፣ ወይ አንድ ቦታ ተጎድቷል። ሌላው፣ ኤ እና ቢ የሚባሉት ሁለቱ ሽቦዎች ናቸው። አንዱ የመሣሪያ አምራች ኤ የሚለውን ሌላው ቢ ይለዋል። አዲስ መሣሪያ ገጥማችሁ ጭጭ ካለ ሁለቱን አቀያይሩና ሞክሩ፣ አይቃጠልም፤ እኔ በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን ያጣሁበት ጊዜ አለ።

አሁን የቢሮ ኮምፒውተሮችም ወደሚገናኙበት ኔትወርክ፣ ወደ ኢተርኔት እንምጣ። የኔ ተወዳጅ ታሪክ እዚህ ነው ያለው።

ሌላ ፋብሪካ፣ ሌላ ዘመን። አንድ ስክሪን በየቀኑ ይቆራረጣል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጀምረዋል፣ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ይለቀዋል። ማታ ምንም የለም። እሁድ ምንም የለም። ቅዳሜ እስከ ምሳ ብቻ። ስክሪኑ ተቀይሯል። ካቦው ተቀይሯል። የኔትወርክ ካቦዎቹን የሚያገናኘው ስዊች ተቀይሯል። አንድ ሽማግሌ ኦፕሬተር ነበሩ፣ የወሎ ሰው ናቸው፣ ለዛቸው አያልቅም፤ እኔን አይተው «ልጄ፣ ይሄ በሽታ ደመወዝተኛ ነው እንዴ፣ ቢሮ ሲከፈት ይገባል፣ ቢሮ ሲዘጋ ይወጣል» አሉኝ። ሳቅን። እውነታቸውን ግን ነበር፤ መልሱን ሰጥተውኝ እኔ እንደ ቀልድ ይዤው ዞርኩ።

እኔ ምን አደረግኩ? ላፕቶፔን ሰካሁና ፒኤልሲውን ፒንግ አደረግኩት፤ «አለህ ወይ?» የሚል አጭር መልእክት ላኩለት ማለት ነው። መለሰ። አራቴ ላኩ፣ አራቴ መለሰ። ኔትወርኩ ደህና ነው ብዬ ፕሮግራሙን መመርመር ጀመርኩ። ሁለት ቀን! በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተስፋ ቆርጬ የፒኤልሲውን የኔትወርክ ካቦ ነቀልኩት፣ ፒንጉ ላፕቶፔ ላይ እየሮጠ ነበር። ካቦው እጄ ላይ ነው። ፒንጉ መመለሱን ቀጠለ።

(እዚህ ጋ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ የገባቸው ናቸው።)

የሚመልስልኝ ፒኤልሲው አልነበረም። ቢሮ ውስጥ ያለ ፕሪንተር ነበር። አንድ ሰው የምርት ሪፖርት በቀጥታ እንዲታተምለት ብሎ የቢሮውንና የማሽኑን ኔትወርክ በአንድ ካቦ አገናኝቷቸዋል። ፕሪንተሩ ላይ የሞላው አድራሻ ደግሞ የፒኤልሲው ነው። ሁለት ቤት አንድ የቤት ቁጥር። ስክሪኑ አንዳንዴ ፒኤልሲውን ያገኛል፣ አንዳንዴ ፕሪንተሩን አንኳኩቶ «ሙቀት ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጸሐፊዋ ጠዋት ስትገባ ታበራዋለች፣ ማታ ስትወጣ ታጠፋዋለች። ቅዳሜ እስከ ምሳ።

ቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ቀላል ነው። ማንኛውም ላፕቶፕ ላይ ኤአርፒ የምትባል ትእዛዝ አለች፤ ከፒንግ በኋላ «ኤአርፒ ዳሽ ኤ» ብላችሁ ብትጽፉ የመለሰላችሁን ዕቃ ማክ አድራሻ ታሳያችኋለች። ማክ አድራሻ ዕቃው ሲሠራ የሚሰጠው መለያ ነው፤ ስድስት ጥንድ ፊደልና ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጥንድ የሠራውን ድርጅት ይናገራሉ። ፒኤልሲው ላይ ደግሞ የራሱ ማክ ታትሞ ተለጥፏል። ሁለቱን ማስተያየት ነው። የተለያዩ ከሆኑ በቤቱ ስም የሚኖር ሌላ ሰው አለ። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ሁለት ቀን ፈጀሁ።

ስለዚህ ፒንግ መለሰ ማለት አንድ ዕቃ መለሰ ማለት ብቻ ነው። ማን እንደሆነ ደግሞ ለብቻው ይጠየቃል።

ሞድባስን ሳላነሳ ብሄድ ትቀየሙኛላችሁ፣ እዚህ አገር የማይገኝበት ቦታ ስለሌለ። ሞዲኮን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ነው፤ ከብዙዎቻችሁ ይበልጣል፣ አሁንም ይሠራል። እዚህ ላይ የምለው አንድ ነገር ነው። ምንም መልስ ማጣትና የስህተት መልስ ማግኘት ሰማይና ምድር ናቸው። ሰው ጋ ደወላችሁ እንበል። ስልኩ አይነሳም፤ ይሄ ታይምአውት ነው። ወይ ሽቦው ተቋርጧል፣ ወይ የመሣሪያው ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይ ፍጥነቱ ወይ ፓሪቲው (የስህተት መፈተሻው ቅንብር) አልተስማማም፣ ወይ ዕቃው ጭራሽ መብራት የለውም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስልኩ ይነሳና «እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ይላችኋል። ይሄ የስህተት ኮድ 02 ነው። ካቦው ደህና ነው ማለት ነው! ሰውዬው አናገራችሁ እኮ። ከዚህ በኋላ መሰላል ይዛችሁ ካቦ ትሬይ ላይ ብትወጡ ኃጢአት ነው። የተሳሳተው የጠየቃችሁት የሬጅስተር (መሣሪያው እያንዳንዱን ዋጋ የሚያስቀምጥበት ቦታ) ቁጥር ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ብቻ ነው የሚስቱት። ማኑዋሉ 40001 የሚለው መስመሩ ላይ ሲሄድ ዜሮ ነው፤ አንዱ ሶፍትዌር ከዜሮ ይቆጥራል፣ ሌላው ከአንድ። ኮድ 01 ከሆነ ደግሞ የጠየቃችሁትን ዓይነት ሥራ አላውቅም እያላችሁ ነው። መልስ መጥቶ ቁጥሩ ብቻ እብድ ከሆነ፣ የሙቀቱ መጠን ሚሊዮን ምናምን ካላችሁ፣ ያን አንድ ቁጥር ተካፍለው የያዙት የሁለቱ ሬጅስተሮች ቅደም ተከተል ተገላብጦ ይሆናል።

ቀሪውን በፍጥነት ልሂድበት፣ ሻይ ሰዓት ደርሷል። ሞተሩ ሲነሳ ብቻ የሚቋረጥ መስመር ካለ የኔትወርኩ ካቦ ከሞተር ካቦ ጋር በአንድ ማሰሪያ ታስሮ ሊሆን ይችላል፤ ለያዩት፣ ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር፣ መሻገር ካለበትም ቀጥ ብሎ ይሻገር፣ ጎን ለጎን አይሂድ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብቻ የሚታመም ከሆነ፣ እኛ ጋ ደግሞ ይሄ ብርቅ አይደለም፣ ስዊቹና ፒኤልሲው እኩል እንደማይነቁ አስቡ፤ አንዱ በሴኮንዶች ይነሳል፣ ሌላው ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ቀድሞ የነቃው ጓደኛውን ሲፈልግ ያጣውና አኩርፎ ይቀመጣል። 24 ቮልቱን ደግሞ ማሽኑ እየሠራ ለኩት፤ ቆሞ ሲለካ 24 የሚል ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲበዛበት ይወርዳል። ብዙዎቹ የሲመንስ ኤስ7 መሣሪያዎች ከ20.4 እስከ 28.8 ቮልት ነው የሚቀበሉት።

ጥያቄ ካላችሁ።

አንዱ ልጅ እንዲህ ጠየቀ። «አጥፍቶ ማብራት አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ ለምን እንደክማለን?»

ይሠራል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ፓኔሉን ክፈቱና መብራቶቹን በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ብልጭ ድርግም የሚሉ ከሆነ ቪዲዮ። ቢኤፍ የሚባለው የመስመር ብልሽት ጠቋሚ መብራት በርቶ መቆየቱና ብልጭ ድርግም ማለቱ አንድ አይደለም፣ ማኑዋሉ ለሁለቱም የተለያየ ምክንያት ይሰጣል። ካጠፋችሁት በኋላ ያ ማስረጃ የለም። ነገ ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ከባዶ ትጀምራላችሁ።

ሌላው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነበር፤ ውድ የመመርመሪያ ዕቃ የሌለው ሰው ምን ያድርግ የሚል። እኔም የለኝም። መልቲሜትር፣ ከዩኤስቢ ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ርካሽ ነገር፣ በነፃ የሚወርደው ዋየርሻርክ (በኔትወርኩ የሚያልፈውን መልእክት የሚያሳይ ሶፍትዌር)፣ አንድ ደብተር። ደብተሩ ላይ አድራሻዎቹን ጻፉ፤ የትኛው ዕቃ፣ ስንት ቁጥር፣ ካቦው በየት በኩል ይሄዳል። የአንዱ ፋብሪካ ድሮዊንግ በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ከነቢሮው ጠፍቶ፣ መስመሩን መልሰን ያስነሳነው ከአንድ ኤሌክትሪሺያን የኪስ ደብተር ነው።

የመጨረሻዋ ጠያቂ ተማሪ ናት። «ጋሼ፣ አለቃ ከኋላ ቆሞ ሲጮህብህ እንዴት ነው ማሰብ የሚቻለው?» አለችኝ። ከሁሉም የከበደኝ እሷ ያነሳችው ነው።

ሥራ ስጪው። እውነቴን ነው። ባትሪ አስይዢው፣ መልቲሜትሩን ስጪውና ቁጥሩን እንዲያነብልሽ አድርጊ። እጁ ሥራ ከያዘ አፉ ያርፋል። ያን ሌሊት ድራይቭ ሰባት ጋ የሺፍት መሪው ከኋላዬ አላስቀምጥ ሲለኝ፣ መለኪያውን አስያዝኩትና እኔ ሁለቱን ፒኖች ያዝኩ። «ሁለት መቶ ሃያ!» ብሎ የጮኸው እሱ ነው።